የባክቴሪያ «አስኳል» ይባላል ወይ?

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀዋል፦ «"የባክቴሪያ አስኳል ዘረመሉን ይይዛል" ብዬ ጽፌ ነበር። አርታኢዬ ደግሞ "ባክቴሪያ አስኳሉን ያጣ ህዋስ ነው" ብሎ አረመልኝ። የማናችን ነው ልክ?»

የአርታኢዎ ይቀርባል፤ «ያጣ» የሚለው ግሥ ግን ያሳስታል።

ከአስኳል እንጀምር። በዕለት ንግግር የእንቁላሉ ቢጫ ክፍል ነው። ሰፋ ሲል የማንኛውም ነገር እምብርት ይሆናል። «የጉዳዩ አስኳል» ቢሉ ማንም አይቃወምዎትም። በሥነ ሕይወት ግን ቃሉ ጠበብ ይላል። የህዋስ አስኳል ዘረመሉን በድርብ ስስ ሽፋን ከቀረው የህዋስ አካል ለይቶ የያዘ ክፍል ነው። ሽፋኑ ከሌለ አስኳል አይባልም። ባክቴሪያ ደግሞ ይሄ ሽፋን የለውም። ዘረመሉ የተጻፈበት ዲኤንኤ ብዙውን ጊዜ አንድ ክብ ክር (ክሮሞዞም) ነው፤ ተጠቅልሎ እዚያው የህዋሱን ውስጥ በሚሞላው ሳይቶፕላዝም ውስጥ ይቀመጣል። ኢ. ኮላይ የተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ዲኤንኤ ቢዘረጋ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ባክቴሪያው ራሱ ግን 2 ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ቢሆን ነው። ዲኤንኤው የሰፈረበት ቦታ ኑክሊዮይድ ይባላል።

ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በእኛ ህዋስ የዘረመሉ መልእክት መጀመሪያ አስኳል ውስጥ አርኤንኤ ወደሚባል ቅጂ ይገለበጣል። ከዚያ በሽፋኑ ቀዳዳዎች ይወጣና ራይቦዞም ዘንድ ይደርሳል፤ ፕሮቲን የሚሠራው እዚያ ነው። በባክቴሪያ ግን መሃል ላይ የሚከለክል የለም። ቅጂው ገና ሳያልቅ ራይቦዞሞች ይይዙትና ፕሮቲን መሥራት ይጀምራሉ። እንዴት ግሩም ነገር ነው! «የባክቴሪያ አስኳል» ስንል ይሄ ሁሉ ከአንባቢ ይሰወራል።

«አስኳሉን ያጣ»ስ? እንዲህ ሲባል ቀድሞ የነበረው አስኳል ይታሰባል። የሰው ቀይ የደም ህዋስ በእርግጥ አጥቷል፤ የአጥንት መቅኔ ውስጥ ሲያድግ ነበረው፣ ሲበስል አውጥቶ ይጥለዋል። ባክቴሪያ ግን ኖሮትም አያውቅ። ስለዚህ «የሌለው» ይሻላል። «አስኳል አልባ» የሚለውንም ለባክቴሪያ መለያ ብቻውን ባልጠቀምበት እመርጣለሁ፤ የበሰለው ቀይ የደም ህዋስም አስኳል አልባ ነዋ።

«ባክቴሪያ አስኳል የለውም፤ ዘረመሉ ኑክሊዮይድ በሚባል ቀጠና ይገኛል» ብለው ቢያርሙት ይበቃል።