«ትንሽ ሥራ ብቻ ነው የሚፈልገው» የተባለ ሞተር፦ ጠይቁኝ፣ ልመልስ

ሰላም ቤተሰብ። ሥራዬ ሞተር ሳይክል ጥገና ነው። ቦክሰር፣ አፓቼ፣ ፑልሳር፣ አልፎ አልፎ የድሮ ያማሃ ዲቲ። ርካሽና አሮጌ ሞተር ገዝቶ አስጠግኖ መንዳት ይቻላል፣ ብዙ ሰው እንጀራውን በልቶበታል። ግን ከገዛችሁ በኋላ ይዛችሁልኝ ከምትመጡ ከመግዛታችሁ በፊት ብትጠይቁኝ ይሻላል። የሚደጋገሙትን ጥያቄዎች እዚህ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ቦክሰር 100 በግማሽ ዋጋ አገኘሁ። ሻጩ «ትንሽ ሥራ ብቻ ነው የሚፈልገው» ይላል። ልግዛው?

መልስ፦ ትንሽ ሥራ ከሆነ ለምን ራሱ አሠርቶ በሙሉ ዋጋው አይሸጠውም? ይህንን ጠይቀው። «ወደ ውጭ ልሄድ ነው፣ ጊዜ የለኝም» ሊልህ ይችላል፣ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። አንተ ግን ሒሳብህን በክፉው ሥራ። ሄደህ ከማየትህ በፊት መለዋወጫ ቤት ደውልና ፒስተን ከነፋሻው (ዙሪያውን ከሚይዙት ቀለበቶች ጋር)፣ ጓርኒሲዮን (በክፍሎቹ መሃል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ሰንሰለት ከነጥርሶቹ፣ ሁለት ጎማና ባትሪ ስንት እንደሆነ ጠይቅ። የእጅ ዋጋ ጨምርበት። ይህ ሁሉ ከሻጩ ዋጋ ጋር ተደምሮ ደህናውን ሞተር የሚገዛ ከሆነ ተወው። የቦክሰር ጥሩነቱ ዕቃው የትም መገኘቱ ነው። ዕቃው በሰው ከውጭ የሚመጣ ሞተር ቢሆን ኖሮ ግማሽ ዋጋም በዛበት እልህ ነበር።

ጥያቄ፦ ስለ ሞተር ምንም አላውቅም፣ ይዤው የምሄደው መካኒክም የለኝም። ምን ምን ልይ?

መልስ፦ መጀመሪያ ደውልና «እስክመጣ እንዳታስነሳው» በለው። ስትደርስ ሌላ ነገር ሳታይ እጅህን ወደ ሲሊንደሩ አስጠጋ። ሞቆ ከጠበቀህ ጠዋት ሲያስቸግረው ቆይቶ ይሆናል፣ ስለዚህ ቡና ጠጡና እስኪበርድ ጠብቅ። የሞተር አመሉ የሚታወቀው ብርድ ላይ ነው። ከዚያ ቁልፉን ሳትከፍት መርገጫውን በእግርህ ቀስ አድርገህ ርገጠው። የሆነ ቦታ ላይ ጠንከር ብሎ ሊገፋህ ይገባል። ምንም ሳይገፋህ ዝም ብሎ ከወረደ ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የአየር እመቃ) አልቋል ማለት ነው።

የሰልባትዮውን (የቤንዚን ቋቱን) ክዳን ክፈትና በስልክህ መብራት ውስጡን እይ። ዝገት ካለው ካርቡሬተሩን ስንቴ ብታሳጥበው ተመልሶ ይደፈናል። ዘይቱን በጣትህ አሸት አድርገው፤ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፣ የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለው ደግሞ ውስጥ ያለ ብረት እየተበላ ነው። ሰንሰለቱን ከኋላው ጥርስ ላይ በሁለት ጣት ያዝና ወደ ኋላ ሳበው፣ ተላቆ ግማሽ ጥርስ ካሳየህ ሰንሰለቱም ጥርሱም አብረው ይቀየራሉ። በመሃል መቆሚያው አቁመህ የፊት ጎማውን ከመሬት አስነሳና መሪውን ከግራ ወደ ቀኝ በዝግታ አዙር። መሃል ላይ ያዝ የሚያደርግህ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ሄዷል።

ቀጥሎ ንዳው። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ቤንዚን ስጠው፣ ልቀቅ፣ ደግመህ ስጠው። ማርሹ ራሱ እየዘለለ ከወጣ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ነው። ለእሱ ኢንጂኑ ወርዶ ለሁለት መከፈት አለበት፣ ብዙ ብር የሚበላውም እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ያጨሳል። ሻጩ «ሲነሳ ብቻ ነው» ብሎኛል።

መልስ፦ ቀለሙን እይ። ጠዋት ነጭ ሆኖ ወጥቶ ወዲያው የሚጠፋው እንፋሎት ነው፣ አያሳስብም። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ ግን ዘይት ነው የሚነደው። ሲነሳ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቭ ጎሚኒ (ዘይት የሚይዘው ላስቲክ) ነው፣ ይህ አያስፈራም። ቤንዚን በሰጠኸው ቁጥር የሚከተልህ ከሆነ ፋሻ ወይም ሲሊንደር ነው። ጥቁር ጭስ ቤንዚን በዝቶበት ነው፦ ካርቡሬተር ወይም የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ፣ ይስተካከላል። ካንዴላውንም አስፈትተህ እይ። ቡናማ ከሆነ ጥሩ ነው፣ በዘይት ከራሰ ነገሩን ነግሮሃል። ፑልሳር ከሆነ ካንዴላው ብዙውን ጊዜ ከአንድ በላይ ስለሆነ ሁሉንም አስፈታ።

ጥያቄ፦ ሊብሬው በሌላ ሰው ስም ነው፣ ሻጩ ግን ውክልና አለው። ችግር አለው?

መልስ፦ እዚህ ላይ እለምንሃለሁ፣ ረጋ በል። ሞተሩን እኔ ልጠግንልህ እችላለሁ፣ ወረቀቱን ግን አልችልም። ሻንሲው (የሞተሩ አጽም) ላይ የተመታውን ቁጥር (የመሪው አንገት አካባቢ ታገኘዋለህ) በቤንዚን በነከርከው ጨርቅ ጥረገውና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያይ። የኢንጂኑን ቁጥርም እንደዚሁ። የተፋቀ፣ እንደገና የተመታ ወይም አዲስ ቀለም የተቀባበት ከሆነ ሞተሩ የቱንም ያህል ቢያምር ትተኸው ሂድ። ውክልናው ደግሞ «መሸጥ» የሚል ቃል አለው ወይ? ለማስተዳደር ብቻ የተሰጠ ውክልና አያሸጥም። ተሽሮ እንዳይሆንም ውልና ማስረጃ ሄደህ አረጋግጥ። ባለቤቱ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት ያስፈልጋል፣ ካላገባ ያላገባ ማስረጃ ይጠየቃል። ዕዳና እገዳ እንዳለበት ፋይሉ ያለበት መንገድ ትራንስፖርት ይነግርሃል። «ሊብሬው ጠፍቷል፣ አንተ ታወጣዋለህ» ካለህ እሱ ያውጣና ከዚያ ትነጋገራላችሁ።

ጥያቄ፦ አንድ የእርዳታ ድርጅት ያማሃ ዲቲ 125 በጨረታ እየሸጠ ነው። እንዴት ነው?

መልስ፦ ለኮረኮንች የሚሆን ጠንካራ ሞተር ነው፣ እኔ እወደዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ተጠንቀቅ። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡን ማን እንደሚከፍል የጨረታው ሰነድ ላይ አንብብ፣ አለበለዚያ ስም ማዞር ላይ ትቆማለህ። ሌላው፣ ዲቲ ቱ ስትሮክ ስለሆነ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር ያቃጥላል፣ ጥቂት ማጨሱ ተፈጥሮው ነው። ዘይቱ ከራሱ ቋት በፓምፕ ነው የሚመጣው። ፓምፑ ካልሠራ ወይም ቋቱ ደርቆ ከተነዳ ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ላይ ተጣብቆ ይቆማል)። ግቢ ውስጥ ዓመት ሙሉ የቆመ ከሆነ ፓምፑ ሳይታይ አታስነሳው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ። ከሐዋሳ ርካሽ አግኝቻለሁ።

መልስ፦ ከ2011 ክረምት ወዲህ አዲስ አበባ ላይ ሞተር የሚነዳው በፈቃድ ነው። መጀመሪያ ፈቃዱን ጨርስ፣ ሞተሩ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ገዛሁት፣ ብሩም አለቀ። ፍሬኑ አይዝም፣ ያጨሳል፣ ባትሪው ሞቷል። የቱን ላስቀድም?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍሬኑን። የፍሬን ሸራና ገመድ ከዚህ ሁሉ ርካሹ ነው፣ ሕይወትሽም ያለው እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ የፊትና የኋላ መብራት። ዘይቱን ቀይሪና መጠኑን በየጊዜው እያየሽ ጨምሪበት፣ የሚያጨስ ሞተር ዘይት ስለሚጨርስ ሳታውቂው ደርቆ ይነክስብሻል። በመርገጫ የሚነሳ ከሆነ ባትሪው ወር ሁለት ወር ይጠብቃል፣ መብራቱና ፍሬቻው ያለ እሱ እስከሠሩ ድረስ።

ጥያቄ፦ መካኒኩ ኢንጂኑ ይውረድ ይለኛል። እንዴት ልመነው?

መልስ፦ ለምን እንደሚወርድ በቃሉ ያስረዳህ። ሲከፈት እዚያው ሁን፣ የወጣውንም ዕቃ ተቀበል። ሲሊንደሩ የሚሰፋ ከሆነ ደግሞ ይህንን ያዝ፦ ፒስተኑ ቀድሞ ይገዛል፣ ሲሊንደሩ በፒስተኑ ልክ ቶርኖ ቤት ይሰፋል። ፒስተን በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊሜትር እየጨመረ ነው የሚመጣው። ሲሊንደሩን አስፍተው ኋላ ፒስተን ፍለጋ የሚዞሩ ብዙ አይቻለሁ፣ ልኩን ሲያጡ በጠበበ ወይም በሰፋ ይገጥሙታል፣ እንደገና ይከፈታል።

ጥያቄ፦ ሲሞቅ ይጠፋል፣ ሲበርድ ይነሳል። ስንቱን አስቀየሩኝ!

መልስ፦ ገና ምንም አትቀይር። ሲጠፋብህ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈት። ፉሽ ብሎ አየር ከሳበና ጥቂት ቆይቶ ከተነሳ የክዳኑ አየር መሳቢያ ተደፍኗል፣ በመርፌ ይጸዳል። ካልሆነ ካንዴላው እሳት መስጠቱን ትኩሱ ላይ እንዳለ ያሳዩህ። እሳት ከሌለ ኮይሉን ወይም ሲዲአዩን (ለካንዴላው እሳት የሚሰጡትን የኤሌክትሪክ ክፍሎች) ያዩታል። እሳት ካለ የቫልቩን ክፍተት አስለካ፣ ከጠበበ ሲሞቅ ኮምፕሬሽን ያጣል።

ጥያቄ፦ ሻጩ «ሌላ ሰው ዛሬ ቀብድ ሊከፍል ነው» እያለ ያጣድፈኛል።

መልስ፦ ይክፈል። አንተ ቁጥሮቹን ሳታመሳክርና ብርዱ ላይ ሳታስነሳው አንድ ብር አታውጣ።