ሰው ስቆ ይበተናል ላልከው
ስድቡን ቀንስና አሠራሩን አሳይ። ጎንደር መድረክ ላይ ለቦታ ካርታ ጉቦ በሚበላ ሹም ብትቀልድም ሰው ስቆ ብቻ ይሄዳል ብለሃል።

ሹሙ «ፋይልህ ጠፍቷል» ይበል። ባለጉዳዩ «ለሻይ» ብሎ ብር ጣል ሲያደርግ፣ ፋይሉ ሹሙ ከተቀመጠበት ወንበር ሥር ይውጣ! ከዛ ሹሙ ኮራ ብሎ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይተርት። መጨረሻ ላይ ባለጉዳዩ «ደረሰኝስ?» ብሎ ይጠይቅ። ሰው በማግስቱ ቢሮ ሄዶ የሚደግመው እሱን ነው።

አዝማሪ ቤት ከሆነማ «ተቀበል!» ብለህ ስንኙን ለአዝማሪው ስጠው፤ ከጎንደር ዳር አዘዞ ድረስ ይሰማል።

ግን የሹሙን ብሔር፣ ሃይማኖትና መልክ እንዳትነካ። ያደረጉትን አይቻለሁ፤ ጉቦው ተረስቶ ሹሙ ተበዳይ ሆኖ ቁጭ አለ። ማስረጃ ሳትይዝ ስሙን ከጠራህ ደግሞ በስም ማጥፋት ሊከስህ ይችላል።