የተመራጮችን ሥልጠና ለምታዘጋጁ ወጣቶች

በአካባቢ ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ሥራ ጀምራችሁ የአባላት ሥልጠና ለተሰጣችሁ ልጆቼ፣

የጠራችሁት ሰው ሳይመጣ ወንበሩ ባዶ ሲቀር «አባላቱ ለመማር ፍላጎት የላቸውም» የሚል ሪፖርት ለመጻፍ አትቸኩሉ። ተመራጭ ከሥልጠና የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ ስላልተመቸው ነው፤ አለዚያም ሕዝብ አምኖ የመረጠውን ሰው «አታውቅም» ያላችሁት ስለመሰለው ነው። ለሁለቱም የሚበጀው ሥልጠናውን አባሉ በቅርቡ ድምፅ ከሚሰጥበት ጉዳይ ጋር ማያያዝ ነው። ነገ የሚጠቅመውን ነገር ለመስማት ሰው ሰዓት አያጣም፤ ለዚያ ሲጠራም አይከፋውም።

ከበጀት ልጀምር፣ ብዙው ሰው የሚፈራው እሱን ነውና። በዓመቱ አጋማሽ «የመንግሥት ፋይናንስ መርሆዎች» ብላችሁ ብትጠሩ ጥቂቱ ይመጣል፤ የመጣውም በጀቱ እስኪቀርብ ይረሳዋል። ረቂቁ ለጉባኤ ከመቅረቡ 2 ወይም 3 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጥሩ፤ የምታስተምሩበት ሰነድም ረቂቁ ራሱ ይሁን። አንድ መሥሪያ ቤት ምረጡና በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ አምና የጸደቀለት፣ አምና በተግባር ያወጣው፣ ዘንድሮ የጠየቀው። መደበኛውን (የደመወዝና የዕለት ተዕለት ሥራ ወጪውን) እና ካፒታሉን (የግንባታና የቋሚ ንብረት ወጪውን) ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ተደባልቆ ከቀረበ በደመወዝ ጭማሪ ውስጥ የቆመ የግንባታ ሥራ ይደበቃል። አባላቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው 20 ደቂቃ ይመልከቱት። አምና ለመንገድ የጸደቀለትን ግማሹን እንኳ ሳይጠቀም ዘንድሮ ከዚያ የበለጠ የጠየቀ ክፍል ሲያገኙ ጥያቄው ከራሳቸው ይወጣል። ጨረታው ዘግይቶ ነው? ዲዛይኑ አልተጠናቀቀም? የቦታው ካሣ አልተከፈለም? እያንዳንዱ ምክንያት የሚጠየቅበት ኃላፊ የተለያየ ስለሆነ፣ ጥያቄው ለማን እንደሚቀርብም አብራችሁ አሳዩ።

እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ። ሰነዱ እንዴት እንደሚነበብ አሳዩ እንጂ በጀቱ ይጽደቅ ወይም ይውደቅ የሚል ነገር ከአፋችሁ አይውጣ። የጽሕፈት ቤት ባለሙያ ለአንድ ወገን ያደላ ከመሰለ የሌላው ወገን አባላት ለሚቀጥለው ሥልጠና አይመጡም፤ ያ አመኔታ አንዴ ከጠፋ በአንድ የምርጫ ዘመንም አይመለስ ይሆናል።

የኦዲት ሪፖርትም እንዲሁ በእጅ ተይዞ ይነበብ። ኦዲተሩ የሚሰጠው አስተያየት አራት ዓይነት ነው፦ ነቀፌታ የሌለበት፣ ከተወሰኑ ጉዳዮች በስተቀር የሚቀበለው፣ ሒሳቡ ትክክለኛውን ገጽታ አያሳይም የሚለው፣ በቂ ማስረጃ ስላላገኘ አስተያየት መስጠት ያልቻለበት። አባላት በብዛት የሚሳሳቱት በመጀመሪያው ላይ ነው። ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት የሒሳብ መግለጫው በትክክል መቅረቡን ይናገራል፤ ገንዘቡ በሚገባው ሥራ ላይ በቁጠባ ለመዋሉ ዋስትና አይሰጥም። ይህችን ልዩነት ብቻ የተረዳ የቋሚ ኮሚቴ አባል ኃላፊው «ንጹሕ ኦዲት አለን» ሲለው ዝም አይልም።

አባላት ምን መማር እንደሚፈልጉ በመጠይቅ ለማወቅ አትሞክሩ። ስሙን ጽፎ «በዚህ ደካማ ነኝ» የሚል ተመራጭ አታገኙም፤ ሁሉም «በቂ» የሚለው ላይ ምልክት ያደርጋል። ቃለ መሐላ ከተፈጸመ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት እያንዳንዱን አባል ለ30 ደቂቃ ብቻውን አነጋግሩ። «ክፍተት» የሚለውን ቃል ተዉት። የትኛው ሰነድ ደርሶዎት ለማንበብ አስቸገረዎት? መራጮች ደጋግመው የጠየቁዎትና መልስ ያጡለት ነገር ምንድን ነው? የሚሉት ሁለቱ ጥያቄዎች ከረጅም መጠይቅ የበለጠ ይነግሯችኋል። ለአዲስ አባል መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ምልዓተ ጉባኤ (ስብሰባው ሕጋዊ እንዲሆን መገኘት ያለበት የአባላት ቁጥር)፣ የውሳኔ ሐሳብ አቀራረብ፣ የጥቅም ግጭትን ማሳወቅ። ወፍራም ጥራዝ አሸክማችሁ ከላካችሁት አይገልጠውም።

ተፎካካሪ ፓርቲዎች በተቀመጡበት አዳራሽ አለማወቁን የሚገልጥ የለም። ስለዚህ መሠረታዊ ነገሮችን ከ6 እስከ 8 ሰው በሚይዝ ቡድን ስጡ፤ ጥያቄም ስም ሳይጻፍበት በወረቀት ይሰብሰብ። ብዙ ዘመን ያገለገሉትን ደግሞ እንደ ጀማሪ አትጥሯቸው። «ስብሰባ አመራር ላይ ያለዎትን ለአዲሶቹ ያካፍሉልን» ብትሏቸው ይመጣሉ፤ አዲስ የወጣው ደንብ ሲብራራም አብረው ይሰማሉ። አፈ ጉባኤው ከፍቶ የሚሄድበት ሥልጠና ግን ሌላውንም ይዞ ይወጣል። እስከ መጨረሻው እንዲቀመጥ አስቀድማችሁ ለምኑት።

ተመራጩ ሌላ ሥራ አለው፣ ልጆች አሉት። ሙሉ ቀን ከምትወስዱበት 90 ደቂቃ አድርጉት፤ አንዱንም ርዕስ በተለያየ ቀንና ሰዓት ሁለት ጊዜ ስጡ። የትራንስፖርትና የልጅ ጥበቃ ወጪውን ሳታንገላቱ ተኩለት። የውሎ አበል ዋናው መሳቢያ ሲሆን ግን የፊርማው ወረቀት ይሞላል፤ ከምሳ በኋላ አዳራሹ ይራቆታል። ጥሪው ከ3 ሳምንት በፊት ይድረስ፣ ከ3 ቀን በፊት ስልክ ይደወል፤ የደብዳቤው የመጀመሪያ መስመርም አባሉ በየትኛው ጉባኤ ላይ ምን ለማድረግ እንደሚያግዘው ይናገር።

በፈቃደኝነት ብቻ የማይተዉ ሥልጠናዎችም አሉ። የግንባታ ፈቃድ፣ የንግድ ፈቃድ ወይም የዲሲፕሊን ጉዳይ የሚወስን ኮሚቴ አባል ሳይሠለጥን ድምፅ መስጠት የለበትም ብዬ አምናለሁ። ባለጉዳዩን ሳይሰሙ ወይም ዘመድ ሆነው የወሰኑት ውሳኔ በይግባኝ ሊሻር ይችላል፤ ወጪውም በሕዝብ ላይ ይወድቃል። ይህ ግዴታ በእናንተ ደብዳቤ አይመጣም፤ ምክር ቤቱ ራሱ በአሠራር ደንቡ እንዲያስገባው አፈ ጉባኤውን አማክሩ።

ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ሰው የተማረውን በብዛት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው። ስለዚህ በሳምንቱ አንድ ገጽ ማስታወሻ ላኩ፤ ከጉባኤው በፊት ባለው ቀን ደግሞ ለጥያቄ በር ክፈቱ። ውጤቱን የምትለኩት በተሰብሳቢ ቁጥር ወይም «ሥልጠናው እንዴት ነበር» በሚል ቅጽ አይሁን። የሁለት ጉባኤ ቃለ ጉባኤ አውጡ፣ ከሥልጠናው በፊትና በኋላ። አኃዝ ወይም ሰነድ ጠቅሰው የቀረቡ ጥያቄዎች ስንት እንደሆኑ ቁጠሩ። ካልጨመሩ፣ አባላቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ሥልጠናው የተሰጠበትን ቀንና የተጠቀማችሁበትን ሰነድ መርምሩ። ያገኛችሁትንም በአንድ መዝገብ አኑሩት፤ ከምርጫ በኋላ አዲስ አባላት ሲመጡ በእናንተ ቦታ የሚቀመጠው ባለሙያ ከእሱ ይጀምራል።