ሦስቱ የሚያበዛው ኦክስጅኑን ብቻ አይደለም

በአንዲት አነስተኛ ከተማ የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ በቅርቡ ሥራ የጀመረ ወጣት እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ በጃር ቴስት (ውኃውን በየጃሩ ቀድቶ የተለያየ መጠን በመሞከር) ለአንድ ሊትር ውኃ 40 ሚሊግራም አሉሚኒየም ሰልፌት እንደሚበቃ አገኘሁ። አብሮት የሚገባውን ኖራ ከፎርሙላው አስልቼ 32 ሚሊግራም ብጨምር ፒኤቹ (የውኃው የአሲድነት መለኪያ) ከ9 አለፈ፤ ውኃውም እንደደፈረሰ ቀረ። የአሉሚኒየም ሰልፌትን የፎርሙላ ክብደት 278 ብዬ ነው ያሰላሁት። ባልደረባዬ 342 ነው ይላል፤ የጣቢያው የድሮ መመሪያ ደግሞ 666 ይላል። ማን ነው ትክክል? መጋዘናችን ውስጥ ያሉትን ሰልፌት፣ ሰልፋይት፣ ሰልፋይድ የሚሉ ስሞችስ በምን ልለያቸው?»

ወንድሜ፣ ስሌትህን ከነዝርዝሩ መላክህ በጀ፤ ስህተቱ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ፎርሙላውን መጋዘን ውስጥ ጮክ ብለን እንደምናነበው ልጻፈው፦ ኤ ኤል ሁለት፣ ቅንፍ ክፈት፣ ኤስ ኦ አራት፣ ቅንፍ ዝጋ፣ ሦስት። አሉሚኒየሙን 27 በ2 አባዝተህ 54 አልክ፤ ደህና። ድኙን 32 ብለህ አንዴ ብቻ ቆጠርከው። ኦክስጅኑን 4 በ3 አባዝተህ 12 አደረግኸው፤ በ16 ሲባዛ 192 መጣ። ድምሩ 278። ከቅንፉ ውጭ ያለው ሦስት አጠገቡ ያለውን ኦክስጅን ብቻ የሚያበዛ መስሎህ ድኙን ዘለልከው።

ሰልፌት ማለት አንድ ድኝና አራት ኦክስጅን ተሳስረው እንደ አንድ አካል የሚንቀሳቀሱበት አዮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ቻርጅ የያዘ ቅንጣት ነው። ሁለቱ አሉታዊ ቻርጅም የጋራ ንብረታቸው ነው፤ የድኙ ብቻ ወይም የኦክስጅኑ ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤት ፖሊአቶሚክ አዮን የተባለው ይህ ነው። እኔ ለተለማማጆች ካርቶን እያልኩ ነው የማስረዳቸው። በእያንዳንዱ ካርቶን አንድ ትልቅ ጠርሙስና አራት ብልቃጥ ካለ፣ ሦስት ካርቶን ስትረከብ ሦስት ጠርሙስና 12 ብልቃጥ ቆጥረህ ትፈርማለህ። ንብረት ክፍሉ አንድ ጠርሙስና 12 ብልቃጥ ቢሰጥህ ዝም ትላለህ? ቅንፉ የካርቶኑ ግድግዳ ነው። አንዱ ካርቶን 32 ሲደመር 64፣ ማለትም 96 ነው፤ ሦስቱ 288። አሉሚኒየሙ 54 ሲጨመርበት 342 ይሆናል። ቅንፉን ጨርሶ የሚተዉም አሉ። አንድ ተለማማጅ እንዲሁ ትቶት አራቱና ሦስቱ ጎን ለጎን ቆሙ፤ ፎርሙላው ስለ 43 ኦክስጅን የሚያወራ ሆኖ አረፈው።

ሦስት ሰልፌት ለምን አስፈለገ? አሉሚኒየም ሦስት አዎንታዊ ቻርጅ አለው፤ ሰልፌት ሁለት አሉታዊ። ሁለቱ የሚገናኙበት ትንሹ ቁጥር 6 ስለሆነ ሁለት አሉሚኒየም ከሦስት ሰልፌት ጋር ይታረቃል። ካልሲየምና ሰልፌት ግን ሁለት ለሁለት ስለሆኑ አንድ ለአንድ ይበቃቸዋል፤ ቅንፍም አያስፈልግም፤ አንድ ካርቶን ብቻ ሲሆን ማን ይቆጥረዋል። ኖራህ ዘንድ፣ ማለትም በካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ደግሞ ቅንፉ ይመለሳል። ሃይድሮክሳይድ አንድ አሉታዊ ቻርጅ ብቻ ስላለው ለአንድ ካልሲየም ሁለት ያስፈልጋሉ፤ ክብደቱ 40 ሲደመር ሁለት ጊዜ 17፣ 74 ነው። ቅንፉን ብትተው 58 ይመጣብህ ነበር።

አዎንታዊ ሆኖ የሚገጥምህ ፖሊአቶሚክ አዮን በአብዛኛው አሞኒየም ብቻ ነው፤ ስለዚህ በአሞኒየም ሰልፌት ቅንፉ ከፊት ይመጣል። ገበሬው ዳፕ የሚለው ማዳበሪያ ሙሉ ስሙ ዳይአሞኒየም ፎስፌት መሆኑን ታውቃለህ። ፎስፌት ሦስት አሉታዊ ቻርጅ ይዞ ሁለት አሞኒየም እንዴት በቃው ብለህ ብትጠይቅ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ሦስተኛውን ቦታ ሃይድሮጅን ይዞታል፤ የንግዱ ስም ግን አይነግርህም። «ዳይ» የምትለዋን ቅጽል ከዚህ ተነሥተህ በየቦታው አትለጥፋት፤ የአሉሚኒየም ሰልፌት ስም ቁጥር አይጨመርበትም፤ ቁጥሩን ቻርጁ ራሱ ይናገራል። ብረት ላይ ሲደርስ ነው ነገሩ የሚለየው፤ ሁለት ዓይነት ቻርጅ ስላለው የትኛው እንደሆነ በስሙ መካከል በሮማን ቁጥር ይጻፋል።

አሁን ወደ 666 እንምጣ። ባልደረባህም ትክክል ነው፤ መመሪያውም ትክክል ነው፤ የመዘኑት ነገር ነው የተለያየው። 342 የደረቁ ጨው ክብደት ነው። በከረጢት የሚመጣልህ ግን ክሪስታሉ ውስጥ ውኃ አስሮ ነው። 18 ውኃ ካለው 324 ተጨምሮ 666፤ 14 ውኃ ካለው 252 ተጨምሮ 594 ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከረጢቱ ላይ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ መጠን ተብሎ የተጻፈውን ፈልግ። 17 በመቶ ግድም ካለ 594 ያዝ፤ የአሉሚኒየም ኦክሳይድን ክብደት 102ን ለ594 አካፍለህ ራስህ አረጋግጥ። 15 በመቶ ግድም ካለ የመመሪያው 666 ይሠራል።

የእናንተን 594 ነው ብዬ ልቀጥል። አንድ አሉሚኒየም ሰልፌት ከሦስት ኖራ ጋር ሲዋሐድ ሁለት አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድና ሦስት ካልሲየም ሰልፌት ይሰጣል። ልብ በል፤ ሰልፌቱ አልፈረሰም፤ ከነካርቶኑ ከአሉሚኒየም ወደ ካልሲየም ተዛወረ። ሦስቱ ኖራ 222 ይመዝናሉ። 222 ለ594 ሲካፈል 0.37፤ በ40 ሲባዛ 15 ሚሊግራም ያህል። አንተ 222ን ለ278 አካፍለህ 32 አደረስከው፤ ከእጥፍ በላይ! ቅንፉን አስተካክለህ የክሪስታሉን ውኃ ብትረሳ እንኳ 26 ይመጣብህ ነበር።

ውኃው ያልጠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጭቃውን እየሰበሰበ የሚወርደው ያ ጥጥ የመሰለ ፍሎክ አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ በደንብ የሚፈጠረው ፒኤቹ ከ6 እስከ 7.5 አካባቢ ሲሆን ነው። ኖራው ሲበዛ አሉሚኒየሙ ተጨማሪ ሃይድሮክሳይድ ይዞ አሉሚኔት የሚባል አሉታዊ አዮን ይሆንና ተመልሶ ይሟሟል፤ ማጣሪያ አሸዋውንም አልፎ ይሄዳል። ደግሞም 15 የመጨረሻው ጣሪያ እንጂ ግዴታ አይደለም። የወንዙ ውኃ አሲድን የሚያረክስ የራሱን ባይካርቦኔት ይዞ ስለሚመጣ የኖራውን ሥራ በከፊል፣ አንዳንዴም ሙሉ በሙሉ ይሠራልሃል።

ስሞቹን በተመለከተ፣ ሰልፌት አራት ኦክስጅን አለው፤ ሰልፋይት ሦስት፤ የሁለቱም ቻርጅ ሁለት አሉታዊ ነው። ናይትሬት ሦስት ኦክስጅን አለው፤ ናይትራይት ሁለት፤ የሁለቱም ቻርጅ አንድ አሉታዊ ነው። እንግዲህ «ኤት» የሚለው መጨረሻ ለሁሉም የሚሠራ ቁጥር የለውም፤ «አይት» የሚለው ከወንድሙ በአንድ ኦክስጅን እንደሚያንስ ብቻ ነው የሚነግርህ። የአንዱን ቤተሰብ «ኤት» በቃልህ ካልያዝክ ሌላው አይመጣልህም፤ አቋራጭ ፈልጌለት አላገኘሁም። «አይድ» ሌላ ያልታከለበት ብቸኛ ንጥረ ነገር ነው፤ ሰልፋይድ ድኝ ብቻ፣ ክሎራይድ ክሎሪን ብቻ። ሃይድሮክሳይድና ሳያናይድ ከዚህ ሕግ ያፈነገጡ ናቸው። «ታዮ» ካየህ ደግሞ ከኦክስጅኖቹ አንዱ ወጥቶ ድኝ ገብቷል ማለት ነው። ለባክቴሪያ ምርመራ ናሙና የምትቀዳበት ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሶዲየም ታዮሰልፌት ነው፤ ክሎሪኑን ያከሽፋል። በስም መመሳሰል ተታለህ ሶዲየም ሰልፌት ብትጨምርበት ክሎሪኑ መንገድ ላይ ባክቴሪያውን እየገደለ ይሄድና ላቦራቶሪው ንጹሕ ነው ብሎ ይጽፍልሃል።

በክሎሪን ቤተሰብ የተቀጣሁት እኔ ራሴ ነኝ። ከላይ ወደ ታች ፐርክሎሬት አራት ኦክስጅን፣ ክሎሬት ሦስት፣ ክሎራይት ሁለት፣ ሃይፖክሎራይት አንድ አላቸው፤ ክሎራይድ ምንም የለውም። አምስቱም አንድ አሉታዊ ቻርጅ ነው ያላቸው። ወጣት ሳለሁ በግዥ መጠየቂያ ላይ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ማለት ሲገባኝ በጥድፊያ ካልሲየም ክሎራይድ ብዬ ጻፍኩ። የጻፍኩት መጣ። በርሜሉ ሲከፈት አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ የለም። ባልዲ ውስጥ ብንበጠብጠው ባልዲው ሞቀ። የክሎሪን መለኪያውን ዲፒዲ ኪኒን ብንጨምርበት ሮዝ መሆን የነበረበት ውኃ ውኃ እንደመሰለ ቀረ። የታዘዘው ጨው ነው፤ ጀርም አይገድልም። ትክክለኛው በርሜል እስኪደርስ ድረስ ከሱቅ በረኪና እየገዛን ነበር የምንጨምረው፤ በረኪናም ያው ሃይፖክሎራይት ነው፤ ከሶዲየም ጋር።

ነገ ጠዋት ስድስቱን ጃር አሰልፍ። በሁሉም 40 ሚሊግራም አሉሚኒየም ሰልፌት አድርግ፤ ኖራውን ከዜሮ ጀምረህ በሦስት በሦስት እየጨመርክ 15 አድርስ፤ የእያንዳንዱን ፒኤች መዝግብ። ኖራው ቆይቶ አየር ካገኘው ከፊሉ ወደ ካርቦኔት ስለሚቀየር ካሰላኸው ትንሽ ሊበልጥብህ ይችላል። ከረጢቱ ላይ የኦክሳይዱ መጠን ካልተጻፈ ፎቶውን ላክልኝ።