ወፍ ቆጥሬ ምን ልሆን?

ልጄ፣ ከድሬዳዋ የላክሽልኝን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ፤ በድሬዳዋና በሐረር መካከል ባሉ ደጋዎች ተቆራርጠው በቀሩት ደኖች ስለሚኖሩ ወፎች የመመረቂያ ጥናት ልትሠሪ አስበሻል፤ አባትሽ ደግሞ «ወፍ ቆጥረሽ ምን ልትበይ ነው?» ብለው ወደ ሒሳብ አያያዝ እንድትዛወሪ መክረውሻል። የአባትሽ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። «የወፍ ተመራማሪ እንፈልጋለን» የሚል የሥራ ማስታወቂያ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው። ቢሆንም የትምህርት ክፍል ቀይሪ አልልሽም። ጥናቱን ሥሪው፤ ዕቅዱን ግን እናስተካክለው።

«በየደኑ ያሉትን ዝርያዎች ብዛት አወዳድራለሁ» ብለሻል። ብዛት ብቻውን ያታልላል። ብራዚል ውስጥ ማናውስ ከተማ አጠገብ በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ በቶማስ ላቭጆይ ጠንሳሽነት የተጀመረውን ጥናት ፈልገሽ አንብቢ። ደኑ ለከብት ግጦሽ ሲመነጠር 1፣ 10 እና 100 ሄክታር የሚሆኑ ቁራጮች ተለይተው እንዲቀሩ ተደረገ። ዙሪያው በተመነጠረ ሰሞን በቁራጮቹ ውስጥ በመረብ የሚያዘው ወፍ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። መኖሪያው የፈረሰበት ሁሉ በቀረችው ጥግ ተጠግቶ ነበር። ቁጥሩ ያሽቆለቆለው ከዚያ በኋላ ነው። 100 ሄክታር ያላቸው እንኳ ከዛፎቹ ሥር ከሚኖሩት ዝርያዎች ግማሽ ያህሉን 15 ዓመት ሳይሞላ አጥተዋል። ቀድመው የጠፉት የጉንዳን ሠራዊት ሲዘምት እየተከተሉ፣ ከጉንዳኑ የሚሸሹትን ነፍሳት የሚለቅሙት ወፎች ናቸው። ክንፍ እያላቸው 100 ሜትር የማይሞላ ገላጣ መሬት ለመሻገር የማይደፍሩ ወፎችም አሉ። ባሰብኩት ቁጥር የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ዙሪያው በተመነጠረ ሰሞን አንድ ጊዜ ብቻ ቆጥሮ የሄደ ሰው «ደኑ ደኅና ነው» ብሎ ይጽፍ ነበር።

የትኛው ወፍ ለውጥን እንደሚችል ለማየት ብራዚል መሄድ አያስፈልግሽም። ሐረር ስትመጪ ጀጎል ግንብ ውስጥ ግቢ፣ ሥጋ ተራው አጠገብ ጥቂት ቁሚ። ጭልፊቶቹ ጣሪያው ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ አንድ ሰው ቁራጭ ሥጋ ይዞ እጁን ሲዘረጋ አንዱ ወርዶ ጣቱን ሳይነካ ይነጥቀዋል። ጭልፊት፣ ቁራ፣ ዋኔ ከሰው ጋር መኖር ይችሉበታል። ደን ሲቆራረጥ ብርሃንና ነፋስ በጠርዙ ይገባሉ፣ የረገፈው ቅጠል ይደርቃል፣ በውስጡ የሚርመሰመሱት ነፍሳት ይመናመናሉ። ያን ጊዜ ከጥላው ሥር የሚለቅመው ወፍ ይወጣል፤ ከገላጣው የመጣው ደግሞ ይገባል። የዝርዝርሽ ርዝመት ላይለወጥ ይችላል። ስለዚህ ስንት ዝርያ እንዳለ ብቻ ሳይሆን የትኛው እንዳለና የትኛው እንደሌለ፣ ምን እንደሚበላ፣ ጎጆውን የት እንደሚሠራ መዝግቢ።

የምታጠኛቸውን ቦታዎች በስፋታቸው ለይተሽ ምረጪ፦ ጥድና ወይራ የቀረበት ተዳፋት፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በአዋች (በሐረር የሚከበሩ ቅዱሳን አባቶች) መቃብር ዙሪያ የተጠበቁ ዛፎች። ለእያንዳንዱ ስፋቱን፣ ከሚቀርበው ደን ያለውን ርቀት፣ የቆምሽበት ነጥብ ከጠርዙ ስንት ሜትር እንደሚርቅ ጻፊ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምረሽ በየነጥቡ እኩል ደቂቃ ቁሚ፤ በበጋም በዝናብም ደጋግመሽ ሂጂ። ብቻሽን ግን እንዳትሄጂ። ከትምህርት ክፍልሽ ደብዳቤ ይዘሽ ቀበሌውን አስፈቅጂ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይከተልሽ።

አሁን ወደ እንጀራው እንምጣ። ከዚህ ጥናት የምታተርፊው የወፍ ስም ብቻ አይደለም። ናሙና አወሳሰድ፣ ስታቲስቲክስና በኮምፒውተር ካርታ መሥራት ትማሪበታለሽ፤ ቀጣሪ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ ማለትም ግንባታ ከመጀመሩ በፊት በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት መመዘን፣ በሕግ ስለሚጠየቅ መንገድና ፋብሪካ የሚሠሩ እንዲህ ያለ ባለሙያ ይሻሉ። በጅቡቲ ድንበር አቅራቢያ አይሻ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተተክሏል፤ ከዐረብ ምድር በጠባቡ የባብ ኤል መንደብ ባሕር የሚሻገሩ አዳኝ ወፎች ደግሞ በዚያው አቅጣጫ ይመጣሉ። ተሽከርካሪ ክንፍ ባለበት ሁሉ ወፍ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የባቢሌ ዝሆኖች መጠለያ አለ፣ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፤ ወፍ ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚመራ ሰውም ያስፈልጋል። ከእነዚህ ውስጥ በቶሎ ቋሚ ደመወዝ ይገኝበታል ብዬ የማስበው ግምገማው ነው። ስለዚህ የካርታውን ሥልጠና ለምርቃት ዓመት አታቆዪው፤ በዚህ ክረምት ጀምሪው።

አባትሽን በቃል ለማሳመን አትድከሚ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይዘሻቸው ሂጂ፤ ባይኖኩላሩን ስጫቸውና ከጥዱ ሥር ያለውን ወፍ አሳዪአቸው። ከዚያ ማስታወሻ ደብተርሽን ገልጠሽ የካርታውንና የስሌቱን ሥራ አንድ በአንድ አስረጃቸው። እሳቸው የሚፈልጉት ልጃቸው የምትሠራውን እንደምታውቅ ማየት ይመስለኛል።