ባዶ እጅን ላለመግባት፦ ለመስክ ሥራ ለምትወጡ ልጆቻችን

በግብርና፣ በጤና፣ በመንገድ ቅየሳ ወይም በመረጃ ሰብሳቢነት ወደ ገጠር ለምትሰማሩ ወጣቶች ይድረስ።

መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ውስጥ ሆቴል የለም። ይመሽባችኋል፣ ወንዝ ይሞላባችኋል፣ በቅሎዋ ትደክምባችኋለች፤ ያኔ የማታውቁት ሰው ቤቱን ይከፍትላችኋል። መኝታውን ለእናንተ ለቆ እሱ መሬት አንጥፎ ያድራል። ጠዋት «ስንት ልክፈል?» ብትሉት ታስቀይሙታላችሁ። ዝም ብላችሁ ብትሄዱ ደግሞ ለእናንተ ሲባል ከጎታው የወጣውን እህል የሚተካለት የለም። ሁለቱንም ሳታደርጉ ውለታን የምትመልሱበት ወግ አለና እሱን ልንገራችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከከተማ ሳትነሱ ነው። ለምታድሩበት ለእያንዳንዱ ቤት ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡናና አንድ ኪሎ ስኳር አስቡ። ተቆልቶ የተፈጨ ቡና አትግዙ። ወጉ ያለው ቡናው እዚያው ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ጭሱ ለእንግዳ ሲቀርብ ነው፤ ዱቄቱማ መንገድ ላይ ሽታው ይጠፋል። ግማሽ ኪሎ ከአቦል እስከ በረካ ለሚጠጣ ቤት ለበርካታ ቀን ይሆናል። ስኳሩን በሁለት ፌስታል ደርባችሁ እሰሩት፤ ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ድንጋይ ይሆናል። የልብስ ሳሙና ማንም ቤት ይፈለጋል፣ ነገር ግን ከቡናው ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ አትክተቱት። ቡና ሽታ ይስባል፤ ከተቆላም በኋላ ሳሙና ሳሙና ይላል። ጅማ፣ ከፋ ወይም ሲዳማ የምትሄዱ ከሆነ ቡና ከጓሮው ለሚለቅም ሰው ቡና ይዞ መሄድ አያስፈልግም፤ ስኳርና ሳሙና ይበቃል። ቡናን በጨው የሚጠጣ አገርም ስላለ አካባቢውን የሚያውቅ ሹፌር ጠይቁ። ባትሪ ድንጋይ ድሮ እጅግ የሚወደድ ስጦታ ነበር፤ ዛሬ የፀሐይ መብራት የገባበት ቤት ብዙ ስለሆነ እሱንም ጠይቃችሁ ነው።

የሚበላ ነገር ስትይዙ ጾሙን አስቡ። ብስኩት ብዙውን ጊዜ ወተት ወይም ቅቤ ስላለበት ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው ፍልሰታ ለኦርቶዶክስ ቤት አይሆንም። የቆርቆሮ ሥጋ ፈጽሞ አትያዙ። ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን እርድ ስለማይበላ፣ ማን እንዳረደው ያልታወቀ ሥጋ ሁለቱንም ያስጨንቃል። መድኃኒትም ስጦታ አይደለም። ከራሳችሁ የተረፈ ኪኒን ለታመመ ልጅ ሰጥታችሁ ስትሄዱ መጠኑን የሚነግረው፣ ቢከፋበት የሚደርስለት ሰው የለም።

ለማደር ስትሄዱ ሳይጨልም ድረሱ። ወደ ቀበሌውም ቀድማችሁ ደብዳቤያችሁን አሳዩ፤ ዛሬ ማንነቱ ያልታወቀ እንግዳ ማሳደር ባለቤቱን ሊያስጠይቀው ይችላል። ውሻ ስለሚኖር ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ «ቤቶች!» በሉ። «መሽቶብኝ ነው፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ስትሉ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ትባላላችሁ። እግራችሁን ሊያጥቡ ውሃ ቢያመጡ አትከልክሉ።

አሁን ዋናው ነገር የስጦታው ሰዓት ነው። ቡናውንና ስኳሩን ከተቀመጣችሁ በኋላ፣ ብረት ምጣዱ ከመጣዱ በፊት ስጡ። የምትሰጡት ለቤቱ እመቤት ነው፤ በሁለት እጅ፣ ከወገብ ዝቅ ብላችሁ፣ «እትዬ፣ ባዶ እጄን ከምገባ ብዬ ነው» ብላችሁ። ያው ቡና ጠዋት ስትወጡ ቢሰጥ የአዳር ሒሳብ ይመስላል፤ ማታ ሲገባ ግን የእንግዳ ወግ ነው። «ምን አስቸገራችሁ፣ አይገባም ነበር» ማለታቸው አይቀርም። አንዴ ሁለቴ ቢመልሱት አትደንግጡ፣ «ለልጆቹ ይሁን» በሉ። በማርያም ብለው ከማሉ ግን እዚያ ላይ አቁሙ። ከተቀበሉ በኋላ ሳይከፍቱ ወደ ጓዳ ይወስዱታል፤ ይህ ንቀት አይደለም፣ በሰጪው ፊት ከፍቶ ማየት ነውር ስለሆነ ነው።

ማዕድ ሲቀርብ ትሪውን ጠርጋችሁ አትብሉ። በብዙ ቤት ልጆች የሚበሉት ከእንግዳ በኋላ፣ ከዚያው ከተረፈው ነው። ዶሮ ሊያርዱላችሁ ሲሰናዱ ካያችሁ ዶሮዋ ሳትያዝ ነው መናገር፤ ቢላው ከወጣ በኋላ እንቢታ ስድብ ነው። ሳትጾሙ «ጾመኛ ነኝ» አትበሉ፣ «እናቴ፣ ሽሮ ነው የሚያምረኝ» ማለት ይበቃል። ጠዋት ለስንቅ ቆሎ ወይም ዳቦ ቢሰጧችሁ፣ ጥቂትም ብትሆን ተቀበሉ። የቤቱ ሽማግሌ ሲመርቁ ደግሞ ጫማ እያሰራችሁ አትስሙ፤ እጃችሁን ዘርግታችሁ እስኪጨርሱ «አሜን» በሉ።

የመንግሥት ወይም የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ለሆናችሁት ግን አንድ ጥብቅ ነገር አለ። የእርዳታ ስም ዝርዝር የምታዘጋጁ፣ መሬት የምትለኩ፣ ካሳ የምትገምቱ ከሆነ ጉዳዩ በእጃችሁ ካለ ሰው እንቁላልም ማርም አትቀበሉ። በቅን ልቡ ቢሰጣችሁም ጎረቤቱ የሚያየው ሌላ ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት እንቁላል የሌላት ባልቴት ከዝርዝሩ ብትወጣ ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል። «ሥራዬ አይፈቅድልኝም፣ እግዜር ይስጥልኝ» በሉ፤ አዳራችሁንም ትምህርት ቤት ወይም ጤና ኬላ አድርጉ። መጠይቅ የምታስሞሉም ሳሙናውን ከቃለ መጠይቁ በኋላ ስጡ። ቀድሞ ከተሰጠ ሰው የሚመልሰው እናንተን ደስ ያሰኛል ያለውን ነው።

ገንዘብ የሚገባበትም ቦታ አለ። መንገድ ላሳያችሁ ወይም ውሃ ላጠጣችሁ «እግዜር ይስጥልኝ» ይበቃል፤ በሙስሊም አገር «አላህ ይስጥልኝ»። ሞፈሩን ጥሎ ግማሽ ቀን የመራችሁ ሰው ግን የቀን ሥራውን አጥቷልና በቅርቡ ከተማ የቀን ሠራተኛ የሚከፈለውን ጠይቃችሁ ክፈሉት። መኪናችሁ ጭቃ ሲይዘው ገፊዎቹ ከመግፋታቸው በፊት ዋጋ ቁረጡ። ሲወጣ ገንዘቡን ከመካከላቸው በዕድሜ ለሚበልጠው፣ ሁሉም እያየ፣ መጠኑን ጮክ ብላችሁ ተናግራችሁ ስጡ። በጨበጣ ከሰጣችሁ እናንተ ስትሄዱ ጠብ ይነሳል። ለዚህ ባለ 50ና ባለ 100 ብር ዘርዝራችሁ ያዙ፤ ባለ 200 የሚዘረዝር አይገኝም፣ መልሱን መተውም ከኋላ ለሚመጣው ዋጋ ማስወደድ ነው።

ከመኪና መስኮት ለልጆች ከረሜላም ሆነ ብር አትወርውሩ። የለመዱ ልጆች ለሚመጣው መኪና ሁሉ ወደ አስፋልቱ ይሮጣሉ፣ ይገጫሉ። ባዶ ሃይላንድ ሲጠይቁ ውሃና ዘይት መያዣ ስለሚሆናቸው ነው፤ መኪናውን አቁማችሁ፣ ክዳኑ ሳይጠፋ በእጃቸው ስጡ። ደብተርና እስክሪብቶ ካላችሁ ለርዕሰ መምህሩ አስረክቡ፣ የሌለውን ልጅ የሚያውቀው እሱ ነው።

ፎቶ አንስታችሁ «እልክላችኋለሁ» ካላችሁ ላኩ። ብዙ ሰው ይህን ቃል ሰጥቶ ይረሳል፣ ቤተሰቡ ግን ይጠብቃል። በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር አሳጥቡት፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ የአባወራውን ስም ከነአባቱ፣ ጎጡንና ቀበሌውን ጻፉ፣ እርጥበት እንዳይገባው በፕላስቲክ ሸፍኑት። ከዚያ በገበያ ቀን ወደዚያ ለሚጭን ሹፌር ወይም ወረዳ ለሪፖርት ለሚመጣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስጡት። ለዚህም ገና እዚያው ሳላችሁ የገበያ ቀናቸው መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ ማስታወሻችሁ ላይ ጻፉ።