አልገጥም ያለ ላሚኔት፦ ጥፋቱ የጣውላው ነው ወይስ የወለሉ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ያላቸው አንባቢ ለሳሎናቸው ባለ 8 ሚሊሜትር ላሚኔት ገዝተው ማስነጠፍ ጀምረዋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደረስ አንዳንዱ ጣውላ በአንድ ጫፍ ሲገባ በሌላው ይከፈታል፤ አንዳንዱ ጨርሶ አይዘጋም። አንጣፊው «በመዶሻ ሲመታ ይገባል» ይላቸዋል፤ ሻጩ ደግሞ «ኮላ ይቀባ፣ ይይዛል» ብሏቸዋል። «ማንን ልስማ?» ይላሉ።

ሁለቱንም አይስሙ። ሥራውን ለዛሬ ያስቁሙት። ክሊኩ፣ ማለትም አንዱን ጣውላ ከሌላው የሚቆልፈው ወንዴና ሴቴ ጠርዝ፣ ከራሱ ከጣውላው፣ ተጨምቆ ከጠነከረው የእንጨት ቃጫ የተፈለፈለ ነው። የሴቴው፣ ማለትም የባለ ቦዩ ጠርዝ፣ ከንፈር ቀጭን ስለሆነ መዶሻ አንዴ ከጨፈለቀው ወደ ቅርጹ አይመለስም። ለጊዜው የገባ ይመስላል። ሰው ሲመላለስበት ግን ይላቀቃል፣ መገጣጠሚያው ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል፣ የመወልወያ ውሃ ይገባበትና ጠርዙ ያብጣል። ያበጠ ላሚኔት ደግሞ ቢደርቅም አይሟሽሽም። መምታት የሚፈቅድ ክሊክ አለ፤ እሱም ቢሆን ቁራጭ እንጨት አስደግፎ ቀስ እያሉ ነው እንጂ መዶሻው ጣውላውን እየነካ አይደለም።

አሁን ጥፋተኛውን እንለይ። ካስቸገሩት ሁለት ጣውላ፣ ካልተከፈተ ካርቶን ሁለት አዲስ ያውጡና ቀጥ ያለ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። ቦዩን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት። ፋብሪካ ውስጥ ሲፈለፈል የቀረ ብናኝ ወይም ከሊሾው የተነሳች አንዲት የአሸዋ ፍሬ ክሊኩ እንዳይዘጋ ለማድረግ ትበቃለች። ከዚያ የስልክዎን መብራት አብርተው ከጫፉ በኩል ቦዩን ይመልከቱ። ጤነኛው ከንፈር ከዳር እስከ ዳር አንድ ንጹህ መስመር ነው። የተጨፈለቀው ላይ ጸጉር የመሰለ ቡናማ ቃጫ ተነስቶ ይታያል፤ ጣት ሲያስኬዱበት ይጎረብጣል።

ቀጥሎ ያገጣጥሟቸው። መጀመሪያ አዲሱን ከአዲሱ፣ ከዚያ ያስቸገረውን ከአዲሱ ጋር፣ አንዴ በወንዴው አንዴ በሴቴው በኩል። ያስቸገረው ጠረጴዛ ላይ እሺ ብሎ ከዘጋ ጣውላው ነፃ ነው፤ ችግሩን ወለሉ ላይ ይፈልጉት። ጠረጴዛም ላይ እምቢ ካለ የታመመው ጎን የትኛው እንደሆነ አወቁ ማለት ነው፣ ጀርባው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። አዲሱ ከአዲሱም ካልገጠመ ግን ዕቃው እንዳለ የሚመለስ ነው።

«ዘጋ» የሚባለው እስከ ምን ድረስ ነው? የአውሮፓው የላሚኔት መስፈርት ኢኤን 13329 በሁለት ጣውላ መካከል ከ0.2 ሚሊሜትር የበለጠ ክፍተት አይፈቅድም። ይህን በዓይን መለካት አይቻልም። ተራው ባለ 80 ግራም የፎቶ ኮፒ ወረቀት ግን ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ለሁለት አጥፈው መገጣጠሚያው ውስጥ ለማስገባት ይሞክሩ፤ ከገባ ክፍተቱ ከልክ አልፏል። የከፍታ ልዩነትም አለ፦ አንዱ ከሌላው ከ0.15 ሚሊሜትር በላይ መብለጥ የለበትም። ጥፍርዎን በመገጣጠሚያው ላይ አግድም ሲጎትቱት ከቆመ ያንን ጣውላ ለብቻው ያስቀምጡት።

«በአንድ ጫፍ ሲገባ በሌላው ይከፈታል» ያሉት ምልክት ሁለት ምክንያት አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚታየውም ሁለተኛው ነው። አንደኛው ወደ ጎን የጎበጠ ጣውላ ነው። ጣውላውን ወደ ዓይንዎ አስጠግተው በርዝመቱ አሻግረው ቢያዩት ይታወቃል። በአንድ ሜትር ከ0.3 ሚሊሜትር በላይ ከጎበጠ አይሆንም። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ትንሽ የጎበጠው ብዙም አያሳስብም፣ ሲተኛና ጎረቤቱ ሲይዘው ይቃናል። ሁለተኛው የመጀመሪያው ረድፍ መጣመም ነው። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ቀጥ ብሎ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው፤ አንጣፊው ግድግዳውን ተከትሎ ከጀመረ የመጀመሪያው ረድፍ እንደ ግድግዳው ይጎብጣል። ሁለተኛው ረድፍ እንደምንም ይታገሳል፣ ሦስተኛው ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ጣውላውን ከመክሰስዎ በፊት ከመጀመሪያው ረድፍ ጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥረው ይዩ። ጣውላው ከክሩ የራቀበት ቦታ ካለ ሦስቱም ረድፍ ተነስቶ እንደገና ይጀመር። ሲያነሱም ረድፉን በሙሉ አንድ ላይ ቀና አድርገው ከጎረቤቱ ያውጡት፣ ከዚያ ጫፍ ለጫፍ የተያያዙትን እንደ ክሊኩ ዓይነት ይለያዩ። እየፈለቀቁ ማንሳት ደህናውንም ያበላሻል።

የጫፉን ክሊክ ነገር ብዙ ሰው አያየውም። አንዳንዱ ላሚኔት በአጭሩ ጎን ቀጭን የፕላስቲክ ምላስ አለው፤ እንዲህ ያለው ጣውላ በረጅሙ ጎን ዘንበል ብሎ ገብቶ ጫፉን ወደ ታች ሲጫኑት «ቀጭ» ብሎ ይቆለፋል። ምላሱ መንገድ ላይ ወልቆ ከቀረ ጣውላው የተኛ ቢመስልም አልተቆለፈም። ሌላው ዓይነት በአጭሩ ጎን ወይ ዘንበል ተደርጎ ወይ በአግድም ተገፍቶ የሚገባ ነው። አንዱን በሌላው ዘዴ ለማስገባት መታገል ከንፈር መስበር ነው። ሥዕሉ ካርቶኑ ላይ ወይም ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ አለ፣ አንጣፊዎ ቢቸኩልም አብራችሁ እዩት።

ካርቶኖቹ ሁሉ አንድ መሆናቸውንም ያረጋግጡ። ሱቁ ሲጎድልበት ከሌላ መጋዘን ቀለሙ የሚመሳሰል ያሟላልዎት ይሆናል። የአንዱ አምራች ክሊክ ከሌላው ጋር አይናበብም፤ የዩኒሊን ኩባንያ ዩኒክሊክና የስዊድኑ ቫሊንጌ ኩባንያ ክሊክ ለምሳሌ አፈላፈላቸው የተለያየ ነው። የአንድ አምራች ዕቃ ሆኖም የምርት ቁጥሩ ቢለያይ ጥቂት የመጠንና የቀለም ልዩነት ሊኖር ይችላል።

አራተኛ ፎቅ ስላሉኝ አንድ ነገር ልጨምር። ካርቶኑ በሸክም ሲወጣ ደረጃው ላይ የሚያርፈው በማዕዘኑ ነው። የተጨፈለቀ የካርቶን ማዕዘን ካዩ ውስጥ ያለው የጣውላ ጫፍም እንደተመታ ይቁጠሩት። ክረምት ላይ ደግሞ አይሱዙ ላይ ሸራ ሳይለብስ ዝናብ የመታው ካርቶን አይቀበሉ። ቤት ከገባ በኋላም ግድግዳ ላይ አስደግፈው አያቁሙት። በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ ሳይከፈት በጀርባው ተኝቶ 48 ሰዓት ይቆይ።

ጠረጴዛው ላይ ጣውላው ነፃ ከወጣ የ2 ሜትር ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ሊሾው ላይ አስተኝተው በየአቅጣጫው ያዙሩት። ከሥሩ ከ3 ሚሊሜትር በላይ ክፍተት ከታየ ጉብታው ይሞረድ፣ ጎድጓዳው ይሞላ። ከላሚኔቱ ሥር የሚነጠፈውን ስፖንጅ ደርቦ ለማስተካከል አይሞክሩ፣ ሲረገጥ እየሰመጠ ክሊኩን ይሰብረዋል።

ጥቂት ጣውላ ብቻ ከሆነ የታመመው ሁሉም መጣል የለበትም። ግድግዳውን የሚነካው የመጀመሪያው ረድፍ ጎን በብዙው ዓይነት ይቆረጣል፤ የመጨረሻው ረድፍም በርዝመቱ ይሰነጠቃል። የአንድ ጎን ከንፈሩ የተጎዳውን እዚያ ያውሉት፣ ጉዳቱ አብሮ ተቆርጦ ይወድቃል፣ ጠርዙን ዞኮሎ ይሸፍነዋል። ጫፉ የተመታውን ደግሞ ቆርጠው ለረድፍ መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ያድርጉት። የተቆረጠው ቁራጭ ከ30 ሴንቲሜትር ባያንስ፣ የአጎራባች ረድፎች መገጣጠሚያም ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ቢራራቅ ጥሩ ነው። በግድግዳው ዙሪያ የሚተወው 1 ሴንቲሜትር ክፍተት አይረሳ።

ኮላ አንድ ቦታ ብቻ አለው። ከንፈሩ ትንሽ ተሸርፎ፣ ላዩ ግን ወረቀት ሳያስገባ እኩል የሚገጥም ጣውላ ካለ፣ ዲ3 የሚል የተጻፈበት ውሃ የሚቋቋም የእንጨት ኮላ ይቀባና እስኪደርቅ በፕላስተር ተይዞ ይቆይ። ክፍተት ለመድፈን ግን ኮላ አያገለግልም። ጣውላውን ከሊሾው ጋር ማጣበቅማ ፈጽሞ አይደረግም፤ ላሚኔት እንደ አየሩ እርጥበት መስፋትና መጥበብ አለበት።

ከአምስት ጣውላ አንዱ ያህል ምልክት ካደረጉበት ግን በመምረጥ አይድከሙ፣ ይመልሱት። የተነጠፈና የተቆረጠ ጣውላ «አይተህ ተቀብለሃል» ስለሚባል ቶሎ ይሂዱ። ያልተከፈተውን ካርቶን፣ የምርት ቁጥሩን ፎቶና ደረሰኙን ይያዙ፤ ሁለት ጣውላም አብረው ይውሰዱና የታጠፈችውን ወረቀት ሻጩ ፊት ያስገቡ። ልውጥ ሲቀበሉ የምርት ቁጥሩ አንድ መሆኑን አይተው ነው፤ ከስፋቱ 10 በመቶ ትርፍ ይጨምሩበት። የሚተርፈውን አልጋ ሥር በጀርባው አስተኝተው ያስቀምጡት፣ ነገ ለጥገና ቢያስፈልግ ያው ክሊክ ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል።